በዳጣ የታየ ቫይረስ

አማት ቤት ተጋብዞ አፍን ለምግብ ብቻ መክፈት ትልቅ ጥበብ ነው። እኔ አልታደልኩትም። ያ ጥበብ ቢኖረኝ ኖሮ ዛሬ ስለ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አንዲት ነገር አላውቅም ነበር፤ አማቴም ሙዛቸውን፣ እኔም ክብሬን ይዘን በሰላም እንኖር ነበር።

አማቴ ጋሽ ማርቆስ ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ማሳ አላቸው። የቸርች ሽማግሌ ናቸው። ከሙዝና ከጸሎት በቀር ሌላ ሙያ የለኝም ይላሉ፤ በሁለቱ ግን አራት ልጆች አሳድገው አስተምረዋል። ከአራቱ አንዷ ባለቤቴ አስቴር ናት፤ ስለዚህ እኔም የዚያ ሙዝ ተጠቃሚ ነኝ ማለት ይቻላል። ጋሽ ማርቆስ አማርኛን የተማሩት በትልቅነታቸው ገበያ ላይ ነው። ወንድና ሴት ይቀላቅላሉ፣ ሐሳብ ግን አይቀላቅሉም።

አንድ እሑድ ከቸርች መልስ ለምሳ ሄድን። ቤቱ የለቅሶ ቤት መስሏል። የሙዙ ቅጠል ቢጫ ሰንበር አውጥቷል። የወረዳው ባለሙያ መጥቶ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ከማሳው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ "ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም" ብሎ ሄዷል። ቫይረስ ከሆነ ማሳው በሙሉ ከነሥሩ ተነቅሎ ይቃጠላል፤ አለዚያ የጎረቤቱንም ይጨርሳል። እስኪጣራ ድረስ ሁለት ሳምንት ሰጥቷቸዋል።

"ቫይረሱን አየኸው ወይ አልኩት" አሉ ጋሽ ማርቆስ። "በዓይን አይታይም አለኝ። ታዲያ አንተ በምን አየህ አልኩት። ዝም አለ።"

እዚህ ላይ እኔም ዝም ማለት እችል ነበር። የቀረበው ዓሣ ጥሩ ነበር፤ እሾሁም ለአንድ ሰው አፍ በቂ ሥራ ነበር። እኔ ግን እሾሁን ወደ ጎን አድርጌ፣ "እኛ መሥሪያ ቤት ቫይረስ የሚያሳይ መሣሪያ አለ" አልኩ።

መሣሪያው መኖሩ እውነት ነው። በእርዳታ መጥቶ፣ ሣጥኑ ውስጥ ብዙ ከርሞ፣ በቅርቡ ተተክሏል። እኔ የላቦራቶሪው ረዳት ነኝ፤ እስከዚያ ቀን ድርሻዬ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ከላዩ ላይ አቧራ መጥረግ ነበር። እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምረን ሰው ከአዲስ አበባ የሚመጣው ገና በማግሥቱ ነው። ይህን ዝርዝር ማዕድ ላይ ማንሣት አስፈላጊ መስሎ አልታየኝም።

ጋሽ ማርቆስ እጃቸውን ከትሪው አነሡ። "አንተ ራስህ ታያለህ?"

"አያለሁ፣ ጋሼ።"

"በሁለት ሳምንት?"

"ምን ችግር አለው፤ ቅጠሉን ከሥር አድርጎ ማየት ነው።"

አስቴር በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። አቧራ ጠራጊነቴን ታውቃለች። ጋሽ ማርቆስ ግን ወዲያው ተነሥተው ጸለዩ፤ ስሜን ሦስት ጊዜ ጠርተው ዓይኔን እንዲያበራልኝ ጌታን ለመኑ። ከሁሉም ሰው ጮክ ብዬ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔ አፋፍ ላይም አልቆመም፣ በቀጥታ ወደ ሰማይ ነው ያረገው።

ሰኞ ዕለት አሠልጣኟ ዶክተር ሰብለ መጡ። አጭር፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሰውን ከመቆጣት ይልቅ መልሰው መጠየቅ የሚወዱ ሴት ናቸው። ሠልጣኞቹ ሁለት ነን፤ እኔና ምናሴ። ምናሴ የካምባ ልጅ ነው፤ በቀን ከሰባት ቃል በላይ ሲያወጣ ሰምቼው አላውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ለሥልጠና ምን ይሆናል ብዬ አዝኜለት ነበር።

"ይህ መሣሪያ በብርሃን አያይም" አሉ ዶክተር ሰብለ። "በኤሌክትሮን ነው። ኤሌክትሮኑ ናሙናውን ሰንጥቆ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ናሙናው ስስ መሆን አለበት።"

"ምን ያህል ስስ?" አልኩ፣ ቢላ እንደማላጣ በመተማመን።

"አንድ ፀጉር ወስደህ ውፍረቱን ለሺህ ክፈለው። ከሺሁ አንዱን ያዝ።"

እጄ ወደ ራሴ ሄደ። ፀጉሬ ለእንዲህ ዓይነት ብክነት የሚበቃ አልነበረም።

"ቅጠሉን እንዳለ ከሥሩ አድርጎ ማየት አይቻልም ማለት ነው?"

"ይቻላል" አሉ። "ጨለማ ታያለህ።"

ከዚያ ቅደም ተከተሉን ነገሩን። ቅጠሉ ይቆረጣል፣ እንዳይበሰብስ መድኃኒት ውስጥ ይነከራል፣ ይታጠባል፣ ሌላ መድኃኒት ይደገምለታል፣ ውሃው በአልኮል ይወጣል፣ በውሃው ቦታ ፈሳሽ ፕላስቲክ ይገባል፣ ኦቨን ውስጥ ይደርቃል፣ ይላጣል፣ ይከተፋል፣ ይቀለማል፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ በጨለማ ክፍል ውስጥ ይታያል። ለሙሽራ እንኳ ይህን ያህል አይደረግም። ሁሉም ነገር ከተሳካ ከሳምንት በላይ ይፈጃል አሉን። "ከተሳካ" ሲሉ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ነበር።

"ጋሼ፣ ትንሽ ቅጠል ይላኩልኝ" ብዬ ደወልኩ። ማክሰኞ ጠዋት የበር ጠባቂው አንድ ባጃጅ ሙዝ አብቅሎ መጥቷል ብሎ ጠራኝ። ብወጣ ጋሽ ማርቆስ ናቸው። ከባጃጁ ጣሪያ ላይ ሦስት ሙሉ ቅጠል ታስሯል፤ እሳቸው ከውስጥ አንድ ትልቅ የሙዝ ዘለላ ታቅፈዋል።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ትንሽ ነው ያልኩት።"

"መሥሪያ ቤት ትንሽ ነገር ተይዞ አይኬድም" አሉኝ።

ዶክተር ሰብለ በክብር ተቀበሏቸው። ከሰው የሚረዝመውን ቅጠል ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ከቢጫው ሰንበር ላይ ከጤፍ ብዙም የማይበልጥ ቁራጭ በምላጭ አነሡ። እንዲህ እያሉ አሥር ቁራጭ አደረሱ።

"የቀረውስ?" አሉ ጋሽ ማርቆስ።

"የቀረው አያስፈልግም፣ ጋሼ።"

ጋሽ ማርቆስ ቅጠሉን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። "ሐኪም እንኳ አንድ ብልቃጥ ደም ይወስዳል" አሉና ዘለላውን ለበር ጠባቂው ሰጥተው ሄዱ።

ሁለተኛው መድኃኒት ናሙናውን የሚያጠቁር ነው፤ ጢሱ ዓይን ላይ ካረፈ ዓይኑንም አይምርም ተባልን። ጋሽ ማርቆስ ለዓይኔ የጸለዩት ለካ በምክንያት ነው። ጢሱን በሚስበው ሣጥን ውስጥ እጃችንን ብቻ አስገብተን እንድንሠራ ታዘዝን፤ እኔ ለበለጠ ጥንቃቄ ፊቴንም ወደ ኋላ አዞርኩ። እጅና ዓይን ሲለያዩ የሚሆነው ሆነ፤ ከአሥሩ ቁራጭ አራቱ ከእጣቢው ጋር ፈሰሱ። ዶክተር ሰብለ፣ "ስታጉርስም እንዲህ ነው ፊትህን የምታዞረው?" ብለው ጠየቁኝ።

ቀጥሎ የአልኮሉ ተራ መጣ። ቅጠሉ እንዳይኮማተር በመጀመሪያ ቀጠን ያለው ይሰጠዋል፣ ከዚያ ጠንከር ያለው፣ በመጨረሻ ውሃ ያልነካው። ጠጪ ሁሉ የሚጀምረው እንደዚያ ነው። ስድስት የቅጠል ቁራጭ ለማጠጣት እኔ ጠረጴዛውን፣ ወለሉንና ሸሚዜን አጠጣሁ፤ በዚያው ሸሚዝ ቤቴ ገባሁ።

"ምንድን ነው የሚሸተኝ?" አለች አስቴር።

"አልኮል ነው።"

"እሱንማ አውቄዋለሁ።"

"የጠጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ናሙናው ነው።"

አስቴር ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ይሄ ናሙናው የምትለው ጓደኛህ አንድ ቀን ጉድ ያደርግሃል" ብላ ሸሚዙን ተቀብላ ውሃ ውስጥ ከተተችው።

ፕላስቲኩ ስድሳ ዲግሪ በሚሞቅ ኦቨን ውስጥ ሁለት ቀን መቆየት አለበት። አርባ ምንጭ ላይ ኦቨን ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም፤ የመሥሪያ ቤታችን የቆርቆሮ ጣሪያ ስድሳ ባይደርስም የልቡን ይሞክራል። ገና በመጀመሪያው ቀን መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም። ነዳጅ እንዲቀዳ ደብዳቤ መጻፍ አለበት፤ ደብዳቤው የሚጻፍበት ኮምፒውተር ደግሞ በመብራት ነው የሚሠራው። መብራት ሲመለስ ድንጋይ መሆን የነበረበት ናሙናችን ማስቲካ ሆኖ ጠበቀን። መልሰን ኦቨን ውስጥ ከተትነው።

ጋሽ ማርቆስ በየቀኑ ይደውላሉ።

"ያቺ ማሽን ምን አለ?"

"ገና ነው ጋሼ፤ ናሙናው ኦቨን ውስጥ ነው።"

"ዳቦ ነው ወይ?"

እኔ እስቃለሁ፤ እሳቸው አይስቁም። የሚጠብቁት ምግባቸውን፣ ልብሳቸውንና የታናሹን ልጃቸውን ትምህርት የሚሸፍነውን ማሳ ፍርድ ነው። ይህ ያን ጊዜም ይገባኝ ነበር። ግን ሰው የማይችለውን ነገር ቃል ከገባ በኋላ መሳቅ ያበዛል።

ሁለተኛው ሳምንት ቢላ በመሥራት ጀመረ። ለዚህ ሥራ የብረት ቢላ ደነዝ ነው፤ የሚቆርጠው በትክክል የተሰበረ መስታወት ጠርዝ ነው። ልጅ ሆኜ ብርጭቆ በሰበርኩ ቁጥር ተገርፌያለሁ፤ አሁን ስበር ስባል መስታወቱ እምቢ አለኝ። በስንት ልመና የሰበርኩትም ግንድ የሚቆርጥ የመጋዝ ጥርስ አወጣ። ምናሴ አንድ ጊዜ ጫን አደረገና የተስተካከለ ስለት በእጁ ያዘ። ምንም አልተናገረም፤ እኔን ያናደደኝም እሱ ነው።

የሚከተፈው ቁራጭ ከቢላው ጀርባ ባለች ትንሽ ገንዳ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ስስነቱ በቀለሙ ይታወቃል። ብርማ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ወርቃማ ከሆነ ይሁን ይባላል፣ ወይን ጠጅና አረንጓዴ ከሆነ ወፍራም ነው። የእኔ ቁራጮች ከቀስተ ደመና ቀለም አንድ ሳይቀራቸው ተንሳፈፉ። ዶክተር ሰብለ አጎንብሰው አዩና፣ "ለጥልፍ ያምራል" አሉ።

እነዚህን ቁራጮች በጣት መንካት አይቻልም፤ በመቆንጠጫም አይቻልም። በጥርስ ማጽጃ ስንጥር ጫፍ ላይ በተለጠፈ አንድ ሽፋሽፍት እየተገፉ ነው ከምስር ፍሬ የምታንስ የመዳብ ወንፊት ላይ የሚሰበሰቡት። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ዶክተሯ አልሳቁም። የሳቸው ስንጥር መንገድ ላይ ተሰብሮባቸዋል፤ አዲስ ሽፋሽፍት ያስፈልጋል፤ ረጅምና ጫፉ የሾለ መሆን አለበት። የእኔን ነቀልን፤ አጠረ። የምናሴን ነቀልን፤ እንደ ባለቤቱ አንገቱን ደፋ።

"ሚስት አለህ?" አሉኝ ዶክተር ሰብለ።

ቤት እንደገባሁ ያለ መግቢያ ንግግር፣ "አስቴር፣ አንድ ሽፋሽፍት ስጪኝ" አልኩ።

"ለምን?"

"ለሥራ።"

አስቴር ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ስልክ ስታወራ ይሰማኛል። ጋሞኛ ሲፈጥን አይገባኝም፤ "ሽፋሽፍት" የምትለውን ግን በአማርኛ ነው ያለችው።

በማግሥቱ ጋሽ ማርቆስ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው ላቦራቶሪ ድረስ መጡ። ለእኔ ሰላምታ አልሰጡኝም፤ ከዶክተር ሰብለ ፊት ቆሙ።

"አንድ ነገር ልጠይቅ መጣሁ" አሉ። "ይሄ ልጅ ቅጠል ወሰደ። አልኮል ሸተተ። ጨለማ ቤት ይገባል አሉ። አሁን ደግሞ የልጄን ሽፋሽፍት አምጪ አለ። ይህቺ ሥራ ከየትኛው ወገን ነው?"

ነገሩን እንዲህ በተርታ ሲደረድሩት እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ። ቅጠል፣ ጨለማና የሰው ጠጉር የሚያሰባስብ ሌላ አንድ ሙያ ብቻ ነው ያለው፤ እሱን ደግሞ ጋሽ ማርቆስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲገሥጹት ኖረዋል።

ዶክተር ሰብለ አልተከራከሩም። መክተፊያው ማሽን ላይ ያለውን ማጉሊያ አስተካክለው፣ "ጎንበስ ይበሉ ጋሼ" አሏቸው። ጋሽ ማርቆስ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጎነበሱ። ብዙ ቆዩ።

"ይሄ የሚንሳፈፈው ምንድን ነው?"

"የእርስዎ ሙዝ ነው።"

ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። "ይህን ሁሉ ዘመን ስኮተኩተው እንዲህ አላየሁትም" አሉ። ወዲያው ለአስቴር ደውለው፣ ዶክተሯም እንዲሰሙ በአማርኛ፣ "ስጪው፤ የአንቺ ረጅም ነው፣ እናትሽን ነው የወጣው" አሏት። ሲወጡ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። "ይህቺ ዶክተር እውነተኛ ሰው ነው። የሚልህን ስማ።"

ብሰማ ኖሮ ወጉ እዚህ ላይ አልቆ ነበር።

በአስቴር ሽፋሽፍት ምናሴ ብርማ ብርማውን እየገፋ ሰበሰበ። እኔም በላብ ተጠምቄ ሁለት ወርቃማ ቁራጭ ወንፊቴ ላይ አስቀመጥኩ። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ጋሽ ማርቆስ ደወሉ። ወደ ሲቀላ ሰፈር የሚወርድ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ፤ ሞተሩና የሹፌሩ መዝሙር ይፎካከራሉ።

"ምን ቀረ?"

"ዳታ ብቻ ነው የቀረን፣ ጋሼ።"

"ምን?"

"ዳታ፣ ዳታ። እሱን ካገኘን እንጨርሳለን።"

"የቸገራችሁ እሱ ብቻ ነው?"

"እሱ ብቻ።"

"ታዲያ እስካሁን ለምን አትናገርም" ብለው ዘጉት። ሳይንስ በአንድ ጊዜ እንዲህ የገባቸው አማት ስላለኝ ኮራሁ።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ የበር ጠባቂው በፌስታል የተጠቀለለ ትልቅ ማሰሮ ይዞ መጣ። "አማትህ ልከውት ነው፤ ለሥራው ነው ብለዋል" አለኝ። ስከፍተው ዓይኔ አለቀሰ። አፉ ድረስ ዳጣ ነው።

ዳጣን ለማያውቅ፤ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አንድ ላይ ተወቅጦ የሚሠራ ነው። ሌላ አገር ማባያ ከምግቡ ጎን ትንሽ ጣል ይደረጋል፤ እኛ ዘንድ ምግቡ ነው ከዳጣው ጎን ጣል የሚደረገው። የአማቴ ቤት ዳጣ ደግሞ በሰፈሩ የታወቀ ነው። ዶክተር ሰብለ ነገሩን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። "በሥራ ዘመኔ ሁሉ የጠየቅኩት ዳታ እንዲህ በፍጥነት ደርሶልኝ አያውቅም" አሉ።

ዓሣ አስመጥተን ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር በላን። ዶክተሯ በጣታቸው ጫፍ ቀመሱና ውሃ ጠየቁ። ምናሴ ግንባሩን እንኳ ሳያልበው በላ። እኔ የቤቱ አማች ነኝ፤ አማች ደግሞ የተላከለትን ዳጣ አይፈራም። ደጋግሜ አጠቀስኩ። በሦስተኛው ላይ ጆሮዬ መስማት ያቆመ መሰለኝ፤ አራተኛውን የበላሁት ለክብር ነው።

ከሰዓት በኋላ የቀረን ማቅለም ነበር። ናሙናው መጨረሻ ላይ እርሳስ ይነካል። እርሳስ ሲባል ከኪሴ የምጽፍበትን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ማዕድኑን ነው ለካ። ዶክተር ሰብለ የእርሳሱን ፈሳሽ በጠብታ በጠብታ ደርድረው አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁን።

"እዚህ ላይ አትተንፍሱ፤ አታውሩ። ትንፋሽ ሲነካው ጥቁር ነጠብጣብ እየሆነ ናሙናው ላይ ይቀመጣል። ጭምብላችሁን አድርጉ።" ይህን ብለው የመመለሻ ወረቀታቸውን ሊያስፈርሙ ወደ ቢሮ ወጡ።

ጭምብሌን አደረግሁ። ከጭምብሉ ውስጥ እኔና ዳጣው ብቻችንን ቀረን። አንድ ደቂቃ ታገሥሁ። ከዚያ ከአፍንጫዬ ዝቅ፣ ከአፌ ዝቅ፣ መጨረሻ ላይ አገጬ ሥር አደረስኩት። አፌን ከፍቼ ሃ፣ ሃ እያልኩ ሁለቱን ወንፊቶቼን ጠብታው ላይ አስቀመጥኩ። መቃጠሉን ለመርሳት ደግሞ ለምናሴ በእርሳስ ላይ መተንፈስ ለምን እንደሚከለከል በሰፊው አስረዳሁት። ምናሴ የራሱን ጠብታ ይዞ ወደ ሌላኛው ጠረጴዛ ሄደ። ትምህርት የማይወድ ሰው ነው ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ጠዋት መሣሪያው ሞቆ ጠበቀን። ዶክተር ሰብለ ገና አልመጡም። እሳቸው ሳይኖሩ እንዳንነካ ታዝዘናል፤ ነገር ግን ሁለቱ ሳምንት ነገ ይሞላል፣ ወረዳው ሰኞ ይመጣል፣ ቃል የገባሁትም እኔ ነኝ። የራሴን ወንፊት አስገብቼ መብራቱን አጠፋሁ። አረንጓዴው ስክሪን ላይ በመጀመሪያ ጭጋግ፣ ከዚያ ግንብ የመሰለ ነገርና በመካከሉ ሰፊ መስክ መጣ። ከግንቡም ከመስኩም ላይ ድቡልቡል ጥቁር ነጠብጣብ ፈሷል፤ ትንሹም ትልቁም አለ፤ ወደ የት ዞር ብል ከሱ አላመልጥም።

"አገኘሁት" አልኩ።

"ዶክተሯን እንጠብቅ" አለ ምናሴ። የሱን ያህል ቃል የሚቆጥብ ሰው ሁለት ቃል ሲያወጣ መስማት ነበረብኝ። እኔ ግን ከሥልጠናው ቀድሞ ውጤት ያገኘሁ ሊቅ ሆኜ ስልኬን አውጥቻለሁ።

"ጋሼ፣ አየሁት።"

"አለ?"

"ሞልቷል።"

ከጀርባቸው ወንዙ ይሰማል። "ከነሥሩ?" አሉ።

"ከነሥሩ፣ ጋሼ። አንድም እንዳይተርፍ።"

"እሺ። ደከምክልን። ጌታ ይባርክህ" ብለው ዘጉት። ያን ጊዜ የተሰማኝን ብናገር ታዝኑብኛላችሁ፤ ደስ ነው ያለኝ። ሰውየው ማሳቸውን ሲያጡ እኔ ቃሌን መጠበቄን ነበር የማስበው።

ዶክተር ሰብለ ከሁለት ሰዓት በኋላ መጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቫይረስ ነው፣ ዶክተር።"

ቁልፉን ትንሽ አዞሩ። "እዚህስ?"

"እዚህም ቫይረስ ነው።"

"እዚህ ጋ ቅጠል የለም። ባዶ ፕላስቲክ ነው። ቫይረስ ፕላስቲክ ያሳምማል?"

ዶክተሯ ወደ ሁለታችን ዞሩ። "ማነው የተነፈሰበት?" ምናሴ አንድም ቃል ሳያባክን ወደ እኔ ተመለከተ።

የምናሴን ወንፊት አስገቡ። ጥርት ያለ ነው፤ ግንቡ ግንብ፣ መስኩ መስክ፣ አንድ ነጠብጣብ የለም። ወንፊት እየቀያየሩ ብዙ ፈለጉ። "ባየሁት ሁሉ ቫይረስ የለም" አሉ በመጨረሻ። "ፈጽሞ የለም ለማለት ገና ብዙ ማየት ያስፈልጋል። ውሃ የተኛበት ሥርም እንዲህ ያደርጋል። አንተ ያየኸው ግን ምሳህን ነው።"

ደወልኩ፤ አይነሣም። አስቴርን ደወልኩላት፤ የቸርች ወንድሞች ለእርዳታ ወደ ማሳው እንደሄዱ ነገረችኝ። በባጃጅ ስወርድ ሹፌሩ ምን ሆነሃል ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የማወራው አልነበረኝም። ኩልፎ ስደርስ የገጀራ ድምፅ ቆሟል። ማሳው ወድቋል። ከዚያ ሁሉ ጥላ በኋላ ፀሐዩ በቀጥታ መሬቱ ላይ ነው፤ ያልበሰለው ዘለላ በየቦታው ተጋድሟል። ሰዎቹ አረፍ ብለው ውሃ ይጠጣሉ። ጋሽ ማርቆስ ከወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል።

በዚህ አገር ጥፋት በጆሮ አይነገርም፤ ሰው በተሰበሰበበት ቆመው ነው የሚናገሩት። ቆሜ ተናገርኩ። ቫይረስ አለመታየቱን፣ ነጠብጣቡ ከእኔ ትንፋሽ መምጣቱን፣ አፌን የከፈትኩት በዳጣው ምክንያት መሆኑን፣ ሳይፈቀድልኝ መሣሪያውን መንካቴን አንድ በአንድ አወጣሁት። እንደዚያ ቀን በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። የሳቀ ሰው የለም፤ ቢስቁልኝ ይሻለኝ ነበር።

"የኔ ዳጣ ነው?" አሉ ጋሽ ማርቆስ።

"አዎ ጋሼ። እኔ ያልኩት ዳታ ነበር።"

"ዳታ ምንድን ነው?"

"ማስረጃ ማለት ነው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ማስረጃ ብትል አልልክም ነበር። ማስረጃ እኛ ቤት የለም።"

"ጋሼ፣ ማሳዎን ከነሥሩ አስነቀልኩዎት" አልኩ።

"ማን ነቀለ?"

ተነሥተው የወደቀውን ቅጠል በእግራቸው ገለል አደረጉት። ግንዱ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ተቆርጧል፤ ሥሩ ግን እንዳለ መሬት ውስጥ ነው፤ ከጎኑም አዲስ ቡቃያ ጫፉን አውጥቷል። የሚቀጥለውን ሄጄ አየሁ፤ ያው ነው። እስከ ወንዙ ድረስ ሄድኩ። የዘንድሮው ፍሬ ጠፍቷል፤ ከሥሩ የተነቀለ ግን አንድም የለም።

"እኔ እኮ ከነሥሩ ነበር ያልኩዎት" አልኩ ተመልሼ።

"ሰምቻለሁ" አሉ ጋሽ ማርቆስ ገጀራቸውን በቅጠል እየጠረጉ። "አማቼ ነህ፤ ምንም ባልቆርጥ ይከፋሃል። ቆረጥኩልህ። ግን ልጄ፣ እኔ አንተን የማምንህ እስከ ግንዱ ነው።"